ድመት በሌሊት የሰው እግር ለምን ትይዛለች?

ከዲላ ወደ ይርጋ ጨፌ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በወናጎ፥ ቤት ተከራይቶ የሚኖር ተማሪ ወይም ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ድመት የሚያኖረው ለጌጥ አይደለም። በጆንያ ያለውን በቆሎ፥ በመደርደሪያም ያለውን ደብተር ከአይጥ ጥርስ እንድትጠብቅለት ነው። ዳሩ ግን ቀን ተጠቅልላ የዋለችው ድመት ሌሊት ከግርጌ ታደፍጣለች፤ ባለቤቱ ከብርድ ልብሱ ሥር እግሩን ነቅነቅ ሲያደርግ ዘላ በጥፍሯ ትይዘዋለች። እሱም በድንጋጤ ነቅቶ ጫማ ይወረውርባታል። አንዱ «ጠላችኝ»፥ ሌላው «ራባት» ይላል። ነገሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱም አይደለም።

ድመት ከሰው ጋር መኖር የጀመረችው ጥንት ነው። በቆጵሮስ ደሴት 9,500 ዓመት ገደማ ባስቆጠረ መቃብር ከሰው አጠገብ የተቀበረች ድመት መገኘቷ በ2004 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ተገልጿል። ይህን ያህል ዘመን ብትለምደንም የአዳኝነት ጠባይዋ አልጠፋም። በተለይ ማታ ሲመሽና ሊነጋ ሲል ትነቃቃለች፤ ይህም ለእኛ የእንቅልፍ ሰዓት ነው። የሰው ጆሮ በሰከንድ እስከ 20,000 የሚደርስ ንዝረት ሲሰማ፥ የድመት ጆሮ ከ60,000 በላይ ይሰማል። ስለዚህ ከብርድ ልብስ ሥር የሚንቀሳቀስ እግር ለእርሷ በደረቀ የእንሰት ቅጠል ውስጥ እንደምትንኮሻኮሽ አይጥ ነው።

«የጠገበች ድመት አይጥ አትይዝም» የሚሉ ብዙ ናቸው። የድመትን ጠባይ ለብዙ ዓመታት የተመለከተው ጀርመናዊው ሊቅ ፓውል ላይሃውዘን ግን ማድፈጥ፥ መያዝ፥ መግደልና መብላት እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ግፊት እንዳላቸው አስረድቷል። ረኃብ አደኑን ያበረታዋል እንጂ ጥጋብ አያጠፋውም። ስለዚህ ድመቷን ማስራብ እግርን አያድንም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ግልገል ሳለች በእጅና በእግር አታጫውቷት፤ የሰው ገላ የሚታደን መስሏት ታድጋለችና። ማታ ከመተኛት በፊት በገመድ ጫፍ ጨርቅ አስሮ መሬት ለመሬት መጎተትና በመጨረሻው እንድትይዘው መተው፥ ወዲያውም መመገብ ይበጃል። አድና የበላች ድመት ገላዋን ልሳ ትተኛለች። እግርዎን ከያዘችም አይወራጩ፤ የሚወራጭ ነገር ይበልጥ ያጓጓታል። ዱላም ፍርሃትን እንጂ ትምህርትን አይሰጣትም።

አንድ ነገር ግን በቀላሉ አይታይ። ድመት ነክሳ ወይም ቧጥጣ ካደማች ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን ያለ ነው፤ ከድመትም ወደ ሰው ይተላለፋል። ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ በጊዜው የተወሰደ ክትባት ግን ያድናል።

«ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ይባላል። ባትረሳውም ይሻላል፤ በቆሎውንና ደብተሩን የሚጠብቀው ያው አመሏ ነውና።