የበዓል ዝግጅትና የኤሌክትሪክ ጭነት ስሌት

ጥቅምት 27 ቀን በቦሌ መድኃኔዓለም፣ ኅዳር 12 ቀን በሲኤምሲ ቅዱስ ሚካኤል፣ ሚያዝያ 23 ቀን በገርጂ ቅዱስ ጊዮርጊስ ምእመናን በብዛት ይሰበሰባሉ። በእነዚህም ሆነ በሌሎቹ የምሥራቅ አዲስ አበባ አጥቢያዎች በዓለ ንግሥ ሲቃረብ ተጨማሪ ድምፅ ማጉያ ይተከላል፣ መብራት ይዘረጋል፣ ለጸበል ጸዲቅም የኤሌክትሪክ ምጣዶች ይሰካሉ። ይህ ሁሉ በአንድ ቆጣሪ ላይ ሲጫን ብሬከሩ ይወርዳል። ከዚህ የሚከፋው ግን ብሬከሩ ሳይወርድ ሽቦው ማንም ሳያየው ሲግል ነው። በዕቃ ቤት የሚጠበቁት የብራና መጻሕፍት፣ አልባሳትና ንዋያተ ቅድሳት አንድ ጊዜ ከተቃጠሉ የሚተካቸው የለም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ አስቀድሞ ሊሠራው የሚችለውን ቀላል ስሌት በዚህ ጽሑፍ እናቀርባለን።

በመጀመሪያ ሦስት ቃላትን እንለይ። በከፍታ ላይ የተቀመጠ የውኃ ሮቶን እናስብ። ውኃውን ወደ ታች የሚገፋው ግፊት የቮልቴጅ ምሳሌ ሲሆን፣ መለኪያው ቮልት ነው፤ በአገራችን ለተራ ተጠቃሚ የሚደርሰው 220 ቮልት ነው። በቧንቧው ውስጥ የሚያልፈው የውኃ መጠን የኮረንቲ ፍሰት ምሳሌ ነው፤ መለኪያውም አምፔር ይባላል። የቧንቧው ጥበት ፍሰቱን እንደሚገታ ሁሉ ሽቦም ኮረንቲን ይገታል፤ ይህ ተቃውሞ ወይም ሬዚስታንስ ይባላል። መለኪያው ኦም የተባለው ሕጉን በ1827 እ.ኤ.አ. ባሳተመው በጀርመናዊው መምህር በጌዎርግ ኦም ስም ነው።

ሕጉ አጭር ነው፦ ቮልቱ ለአምፔሩ ሲካፈል ተቃውሞውን ይሰጣል። ቮልቱ በአምፔሩ ሲባዛ ደግሞ ኃይሉን በዋት ይሰጣል። ለምሳሌ አንድ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ቢስብ፣ 220 ለ16 ሲካፈል ተቃውሞው 13.75 ኦም ይሆናል። 220 በ16 ሲባዛ ኃይሉ 3,520 ዋት፣ ማለትም ሦስት ኪሎ ዋት ተኩል ያህል ነው።

ይህ ስሌት እናቶቻችን በየምሽቱ የሚያዩትን ነገርም ያስረዳል። ሰው ሁሉ በሚጠቀምበት ሰዓት ቮልቴጁ ወደ 180 ቢወርድ፣ የምጣዱ ሽቦ ያው ስለሆነ ተቃውሞው ብዙ አይለወጥም። 180 ለ13.75 ሲካፈል ፍሰቱ 13.1 አምፔር ገደማ ይሆናል፤ ኃይሉም ወደ 2,356 ዋት ይወርዳል። ቮልቴጁ የቀነሰው ከአምስት አንድ እጅ እንኳ ሳይሞላ፣ ሙቀቱ ግን በሲሶ ቀንሷል። ምጣዱ አልሰማ ያለው በጋጋሪዋ ጥፋት ወይም በምጣዱ መበላሸት ላይሆን ይችላል ማለት ነው።

ትልቁ አደጋ ያለው ግን በመገጣጠሚያዎች ላይ ነው። የላላ ሶኬት ወይም በእጅ ተጠምዝዞ በፕላስተር የተሸፈነ ሽቦ ግማሽ ኦም ያህል ተቃውሞ ቢኖረው፣ ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። በአንድ ቦታ የሚፈጠረው ሙቀት የሚሰላው ግን አምፔሩ በራሱ ተባዝቶ፣ ውጤቱ እንደገና በተቃውሞው ሲባዛ ነው። 15 አምፔር ቢያልፍበት፣ 15 በ15፣ ከዚያም በ0.5 ሲባዛ 112.5 ዋት ይሆናል። ይህም የቀድሞው ባለ 100 ዋት አምፖል ከሚሰጠው የሚበልጥ ሙቀት በጣት ጫፍ በምታክል ቦታ ላይ መከማቸቱ ነው። መጋረጃ፣ ምንጣፍ ወይም የድንኳን ሸራ ቢነካው ምን እንደሚከተል ለመገመት አያዳግትም። ብሬከሩም የሚያየው 15 አምፔር ብቻ ስለሆነ አይወርድም።

እንግዲህ ለበዓሉ ዕለት ድምሩን እንሥራ። ሁለት ምጣድ 7,000 ዋት፣ የሻይ ውኃ ማፍያ 2,000፣ ድምፅ ማጉያ 1,000፣ ሃያ ባለ 20 ዋት አምፖል 400 ዋት ቢሆኑ፣ ድምሩ 10,400 ዋት ነው። ይህ ለ220 ሲካፈል 47 አምፔር ያህል ይሆናል። የደብሩ ዋና ብሬከር ባለ 40 አምፔር ከሆነ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይችልም። መፍትሔው ምጣዶቹን በዋዜማው ማጋገር፣ ጭነቱን በየሰዓቱ ማከፋፈል ወይም ፈቃድ ባለው ባለሙያ አማካይነት ለኤሌክትሪክ አገልግሎት አመልክቶ አቅሙን ማሳደግ ነው። ሽቦው ሳይለወጥ ትልቅ ብሬከር መተካት ግን ዘበኛውን አሰናብቶ በሩን ክፍት እንደ መተው ይቆጠራል።

ስለዚህ ሰበካ ጉባኤያት የሚከተሉትን እንዲፈጽሙ እናሳስባለን፦

አንደኛ፣ በየዕቃው ጀርባ የተጻፈውን ዋት መዝግቦ መደመርና ለ220 ማካፈል።

ሁለተኛ፣ ምጣድን በዲቫይደር ላይ ፈጽሞ አለመሰካት፤ የራሱ መስመር እንዲኖረው ማድረግ።

ሦስተኛ፣ የሞቀ፣ የጠቆረ ወይም የሚሸት ሶኬት ሲገኝ ዋናውን አጥፍቶ ባለሙያ መጥራት።

አራተኛ፣ በዕቃ ቤት አጠገብ ጊዜያዊ ሽቦ አለመዘርጋት።

እዚህ ያቀረብነው ስሌት ለምጣድና ለመሳሰሉት ማሞቂያዎች በትክክል የሚሠራ ሲሆን፣ እንደ ውኃ ፓምፕ ያሉ ሞተር ያላቸው ዕቃዎች ሲነሡ ከዚህ የበለጠ ስለሚስቡ የባለሙያ ምክር ያሻቸዋል። መደመሩና ማካፈሉ ግን የማንም ድርሻ ነው። በየሰንበት ትምህርት ቤቱ ይህን የተማሩ ወጣቶች አሉ፤ ከበዓሉ አንድ ሳምንት አስቀድሞ ወረቀትና እርሳስ ይዘው ከማድ ቤት እስከ ዕቃ ቤት ቢዞሩ፣ የአንድ ሰዓት ድካማቸው ለዘመናት የተጠበቀውን ቅርስ ሊያተርፍ ይችላል።