ሳይታይ የሚበላሽ ፋይል፦ የቤት ማከማቻን ወደ ዜድኤፍኤስ ስለማዛወር

ሃርድ ዲስክ ሲሞት ብዙውን ጊዜ ያስታውቃል። ይንቋቋል፣ ይዘገያል፣ ኮምፒውተሩም ማንበብ እንዳቃተው ይናገራል፤ ባለቤቱም ደንግጦ መጠባበቂያ ቅጂውን ይፈልጋል። የከፋው ጉዳት ማንም ሳያውቀው የሚደርሰው ነው። ዲስኩ ይሠራል፣ ፋይሉ በስሙ በቦታው አለ፣ መጠኑም ቀኑም እንደነበረ ነው፤ በውስጡ ካሉት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቢቶች ግን አንዷ ተገልብጣለች። ፋይሉ የጄፔግ ፎቶ ከሆነ፣ ከዚያች ነጥብ በታች ያለው ምስል በሙሉ ቀለሙ ሊዛባ ወይም ግራጫ ሊሆን ይችላል። ጄፔግ ምስሉን ሲጨምቅ እያንዳንዱን ክፍል ከቀደመው ጋር ስለሚያያይዘው ስህተቱ እየተጎተተ ይወርዳል።

ይህ የንድፈ ሐሳብ ስጋት ብቻ አይደለም። የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት ሰርን በ2007 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ይዘታቸው አስቀድሞ የሚታወቅ ፋይሎችን በሰርቨሮቹ ላይ እየጻፈና መልሶ እያነበበ ፈትሾ ነበር። አንዳንዶቹ ሲነበቡ የተጻፈውን ሆነው አልተገኙም፤ ብልሽቱን ደግሞ ማንም መሣሪያ አላሳወቀም። ጥፋቱም የዲስክ ብቻ አልነበረም፤ ሜሞሪውም፣ ዲስኮቹን የሚያስተዳድረው ካርድና ውስጣዊ ሶፍትዌሩም ድርሻ ነበራቸው።

እዚህ የቤት ማከማቻ የምለው ከራውተሩ ጎን ተቀምጦ ሁለት ወይም አራት ሃርድ ዲስክ የያዘውን፣ ስልኩም ቴሌቪዥኑም ላፕቶፑም በኔትወርክ የሚያነቡትን ሳጥን ነው። ሻጮች ኤንኤኤስ ይሉታል። ብዙ ጊዜ ውስጡ ትንሽ የሊኑክስ ሰርቨር ነው። ከቪኤችኤስ ካሴት የተገለበጠ የሠርግ ቪዲዮ፣ በስካነር የተነሳ የአያት ፎቶ፣ የልጆች የመጀመሪያ እርምጃ እዚያ ይቀመጣል። ካሴቱ ሻግቶ ከተጣለ በኋላ ያ ፋይል ከዋናው የቀረው ብቸኛ ነገር ነው። ስለዚህ የፋይል ሥርዓት ጉዳይ ለባለሙያዎች ብቻ የሚተው አይመስለኝም።

ዲስክ በራሱ ፋይል የሚባል ነገር አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር የተሰጣቸውን እኩል ቁራጮች ነው። የትኛው ቁራጭ የየትኛው ፋይል እንደሆነ፣ ስሙ ማን እንደሆነ፣ ማን እንዲከፍተው እንደተፈቀደ መዝግቦ የሚይዘው የፋይል ሥርዓቱ ነው። በአብዛኞቹ የቤት ማከማቻዎች ላይ ለዓመታት ይህን ሥራ ሲሠራ የኖረው ኤክስት4 ነው፤ በ2008 መጨረሻ ከሊኑክስ 2.6.28 ጋር ለመደበኛ ሥራ ብቁ ተብሎ ወጣ። ከቀዳሚው ከኤክስት3 የወረሰው ጆርናል፣ ማለትም ለውጦችን አስቀድሞ የሚጽፍበት ማስታወሻ፣ መብራት በድንገት ሲጠፋ መዝገቡ እንዳይናጋ ይጠብቀዋል። ፈጣንና በብዙ እጅ የተፈተነ ነው። ይሁንና ስለ ፋይሎቹ ይዘት አይጠየቅም። የራሱን መዝገብ ያረጋግጣል እንጂ፣ ዛሬ ያነበበው ፎቶ ያኔ የተጻፈው ራሱ መሆኑን የሚያመሳክርበት አሻራ የለውም።

«ሁለት ዲስክ አለኝ፣ አንዱ የሌላው ግልባጭ ነው» የሚል ብዙ ነው። ግልባጩ አንዱ ዲስክ ሲሞት ያድናል። ሁለቱም እየሠሩ በአንድ ቁራጭ ላይ ሲለያዩ ግን ዲስኮቹን የሚያጣምረው ተራው የሬይድ ሥርዓት የትኛው ትክክል እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። በተለመደው ንባብ ላይ ሁለቱን አያወዳድርም ጭምር፤ ካንዱ አንብቦ ይሰጣል።

ዜድኤፍኤስ የተባለው የፋይል ሥርዓት የተጸነሰው ይህን ክፍተት ለመዝጋት ነው። ጄፍ ቦንዊክና ማት አረንስ በሰን ማይክሮሲስተምስ ውስጥ በ2001 ጀመሩት፤ በ2005 ከሰን ሥርዓተ ክወና ከኦፕን ሶላሪስ ጋር ምንጩ ለሁሉም ክፍት ሆነ። በ2010 ኦራክል ሰንን ሲገዛ ክፍቱን ቅርንጫፍ ሌሎች ገንቢዎች ይዘው ቀጠሉ፤ ከ2013 ጀምሮም ኦፕን ዜድኤፍኤስ በሚል ስም ተሰባሰቡ። ፈቃዱ ከሊኑክስ ፈቃድ ጋር ስለማይጣጣም ከሊኑክስ ከርነል ጋር ተዋህዶ አይመጣም፤ ሆኖም ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ስርጭት ከ2016 ጀምሮ አብሮ ያቀርበዋል፣ ለቤት ማከማቻ የሚመረጠው ሥርዓተ ክወና ትሩናስም የቆመው በእሱ ላይ ነው።

ዋናው ዘዴው እንዲህ ነው። እያንዳንዱ የመረጃ ቁራጭ ሲጻፍ ከይዘቱ ተሰልቶ የሚወጣ ቼክሰም፣ ማለትም አጭር የቁጥር አሻራ፣ ይወጣለታል። አሻራው ከቁራጩ ጎን አይቀመጥም፤ ወደ ቁራጩ በሚያመለክተው የበላይ መዝገብ ውስጥ ይጻፋል፤ የዚያ መዝገብ አሻራ ደግሞ ከእሱ በላይ ባለው፣ እንዲህ እያለ እስከ ሥሩ ይደርሳል። የውል ቅጂ ምስክሩ ቤት እንደሚቀመጠው ነው፤ ውሉን የፋቀ እጅ ቅጂውን አያገኘውም። ፋይሉ በተነበበ ቁጥር አሻራው እንደገና ይሰላል። ካልገጠመ ሥርዓቱ ወደ ሁለተኛው ዲስክ ሄዶ የዚያኛውን ያያል፤ ከገጠመ ትክክለኛውን ለአንባቢው ይሰጥና የተበላሸውን በዚያው ይጠግናል። ማንም ያላነበባቸውን ፋይሎች ደግሞ ስክረብ የሚባለው ፍተሻ ከዳር እስከ ዳር ያነባቸዋል። በወር አንድ ጊዜ ማስኬድ ለቤት ይበቃል።

ሁለተኛው ጠባዩ በቆየው ላይ አለመጻፉ ነው። የተለወጠው ቁራጭ ባዶ ቦታ ላይ ይጻፋል፤ ተጽፎ ሲያልቅ ብቻ ጠቋሚው ወደ አዲሱ ይዞራል። መብራት መሃል ላይ ቢጠፋ ወይ የቀድሞው አለ ወይ አዲሱ፤ ግማሽ የለም። መብራት ለሚመላለስበት ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ስናፕሾትም ከዚሁ ይገኛል፦ የቆዩት ቁራጮች እንዳይለቀቁ ማዘዝ ብቻ ስለሆነ በሰከንድ ይወሰዳል፣ ቦታም የሚይዘው ከዚያ በኋላ በተለወጠው ልክ ነው። ልጅ ፎልደር ቢሰርዝ ወይም ቫይረስ ፋይሎችን ቢቆልፍ የትናንቱ መልክ አለ።

ችግሩ ኤክስት4ን ባለበት ወደ ዜድኤፍኤስ የሚለውጥ መሣሪያ አለመኖሩ ነው። ቢትሪኤፍኤስ ወደተባለው ሌላ የፋይል ሥርዓት የሚወስድ መለወጫ አለ። አፕልም በመጋቢት 2017 በአይኦኤስ 10.3 በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ስልኮችን ፋይሎቹ ባሉበት ወደ አዲሱ የፋይል ሥርዓቱ ወደ ኤፒኤፍኤስ አሸጋግሯል። ግን አፕል ስልኮቹን የሠራው ራሱ ነው፤ ከዚያ በፊት በነበሩ ማሻሻያዎች ላይም ተጠቃሚው ሳያውቀው ልወጣውን ሞክሮ መልሶት ነበር። እቤት ይህ ዕድል የለም። ፋይሎቹ ወደ ሌላ ዲስክ ይወጣሉ፣ ዲስኮቹ እንደ አዲስ ይዘጋጃሉ፣ ፋይሎቹ ይመለሳሉ። ገንዘብ ከተገኘ አዲስ ዲስኮች ገዝቶ የድሮዎቹን ሳይነኩ ማቆየት ከሁሉ ይሻላል። አንዳንዶች ወጪ ለመቀነስ ግልባጩን ሰብረው አንዱን ዲስክ አስቀድመው ይደመስሳሉ፤ ይህን ለማንም አልመክርም። ዲስክ በብዛት የሚነበበው በዚያ ቀን ነው፤ ያረጀው ብቻውን የቀረው ዲስክ ያን ዕለት ቢወድቅ የሚተካው የለም።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን ከማዛወሩ በፊት ያለው ሥራ ነው። ዜድኤፍኤስ የሚጠብቀው የተሰጠውን ነው። ቀድሞ የተበላሸ ፎቶ ቢገባለት የተበላሸውን አሻራ አውጥቶለት፣ ግልባጭ ሰጥቶት፣ በየወሩ እየፈተሸ ለዘላለም ያቆየዋል፤ ስህተት የለም ብሎም ይመሰክርለታል። ስለዚህ ሳጥኑ ላይ ያለው ከድሮ መጠባበቂያ ቅጂ ጋር መመሳከር አለበት። አንድሩ ትሪጄልና ፖል ማከራስ በ1996 ያወጡት አርሲንክ ለዚህ ጥሩ መሣሪያ ነው። አርሲንክ ካልታዘዘ በቀር የሚያወዳድረው መጠንና ቀን ብቻ ነው፤ ይዘቱን በቼክሰም እንዲያወዳድርና ምንም ሳይቀዳ ዝርዝር ብቻ እንዲያወጣ ማዘዝ ይቻላል። መጠናቸውና ቀናቸው አንድ ሆኖ ይዘታቸው የተለያየ ፋይሎች ከወጡ አንደኛው ቅጂ ተበላሽቷል ማለት ነው፤ ማንም አርሞት ቢሆን ኖሮ ቀኑ ይለወጥ ነበር። ሁለቱን ከፍቶ አይቶ ደህናውን መምረጥ የሰው ሥራ ነው፤ አሰልቺ ቢሆንም አይዘለልም። ከዚያ ለሁሉም ፋይሎች የኤስኤችኤ-256 አሻራ ዝርዝር ይወጣል፤ ዝርዝሩ ከዝውውሩ በኋላ በአዲሱ ላይ ይፈተሻል።

የአማርኛ የፋይል ስም ያለው ሰው ሌላም የሚጠነቀቅለት ነገር አለው። ኤክስት4ም ዜድኤፍኤስም ለአንድ ስም የሚፈቅዱት 255 ባይት ነው። የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይወስዳል፤ ስለዚህ የአማርኛ ስም 85 ፊደል ላይ ይቆማል። የዊንዶውስ ኤንቲኤፍኤስ ግን የሚቆጥረው በሌላ መንገድ ስለሆነ 255 የግዕዝ ፊደላት ይቀበላል። ከዊንዶውስ የመጣ ረጅም የስብከት ወይም የዘፈን ርዕስ ወደ ማከማቻው ሲቀዳ እምቢ ማለቱ ከዚህ ነው። በጥር 2025 የወጣው ኦፕን ዜድኤፍኤስ 2.3 ስምን እስከ 1023 ባይት የሚያሰፋ አማራጭ አምጥቷል፤ ማብራት ግን የባለቤቱ ፈንታ ነው። ከመቅዳት በፊት ረጃጅሞቹን ስሞች ፈልጎ ማሳጠር ይቀላል።

መቅዳቱ ራሱ ጊዜ ብቻ ነው የሚጠይቀው። በአንድ ጊጋቢት ኔትወርክ በሰከንድ 110 ሜጋባይት ያህል ያልፋል፤ 4 ቴራባይት አሥር ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ ትናንሽ ፋይሎች ከበዙ ከዚያም በላይ። ሳጥኑ መብራት ሲጠፋ በባትሪ በሚያቆየው በዩፒኤስ ላይ ቢሆን ይመረጣል። አርሲንክ ቢቋረጥ እንደገና ሲጀመር ያለቁትን ፋይሎች አይደግምም። ስለ ሜሞሪ ብዙ ማስፈራሪያ ይሰማል፤ 8 ጊጋባይት ያለው ተራ ሳጥን ለቤተሰብ በቂ ነው። ሺንግልድ በሚባለው ዘዴ የሚጽፉ ዲስኮች ግን ለዜድኤፍኤስ አይሆኑም፤ ዲስክ ተቀይሮ ይዘቱ እንደገና ሲሞላ በጣም ይዘገያሉ። ለሁለት ዲስክ ቤት ምርጫዬ ተራው ግልባጭ ነው፤ ቦታ ሲጠብ ሁለቱን በትልልቅ ዲስኮች ተራ በተራ መተካት ይቻላል።

አሻራዎቹ ገጥመው፣ የመጀመሪያው ስክረብ ያለ ስህተት ካለቀ በኋላም የድሮዎቹን ዲስኮች ለተወሰኑ ወራት ሳይደመስሱ ማስቀመጥ ይገባል። እሳት ወይም ሌባ ሳጥኑን ከነግልባጩ ሊወስደው ስለሚችል ሌላ ቅጂ ሌላ ቤት መኖር አለበት። ለዚህ ዜድኤፍኤስ ስናፕሾትን ወደ ሌላ ዜድኤፍኤስ የሚልክበት ትእዛዝ አለው፦ በሁለት ስናፕሾቶች መካከል የተለወጡት ቁራጮች ብቻ ይጓዛሉ፤ የትኞቹ እንደተለወጡ ለማወቅም ፋይሎቹን አንድ በአንድ መፈተሽ አያስፈልገውም። የመጀመሪያውን ሙሉ ቅጂ እዚያው ቤት በኬብል ሞልቶ ሳጥኑን ወደ እህት ወይም ወንድም ቤት መውሰድ፣ ከዚያ የየሌሊቱን ለውጥ በኢንተርኔት መላክ ይቻላል፤ ለዚህ ደግሞ መካከለኛ መስመር ይበቃል።