ፊኛ ያጣድፋል፣ ሕክምናው እግር ላይ ነው፦ እንዴት ይሠራል?

ሰኮሩ ላይ ቡና ተፈልቶ አቦሉን እንደጠጡ ቶናውን ሳይጠብቁ የሚነሡ እናት አሉ። «ገና ነው እኮ፣ ይቀመጡ እንጂ!» ይባላሉ። እሳቸው ግን ሐሳባቸው ሽንት ቤት ነው። ጅማ ለመሄድ ካሰቡማ ከማታው ጀምሮ ውሃ አይቀምሱም።

ይህ ነውር አይደለም፤ «ዕድሜ ነው» ተብሎም አይታለፍም። ሕመም ነው፤ ይታከማል።

ጤነኛ ፊኛ ከ400 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ሽንት ይይዛል። እየሞላ ሲሄድ በነርቭ አማካይነት ለአንጎል ያሳውቃል፤ አንጎል «ቆይ» ሲለው ይጠብቃል። የሚያጣድፈው ፊኛ ግን ሳይሞላና ሳይታዘዝ ይኮማተራል።

እግር ምን አገባው? ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ሦስት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ቲቢያል የሚባል ነርቭ ያልፋል። ሽቅብ ወጥቶ ኅብለ ሰረሰር የሚገባው የፊኛው ነርቭ በሚገባበት በታችኛው ክፍል ነው። ከተለያየ ቀበሌ የመጡ መንገዶች የጅማው አስፋልት ላይ እንደሚገናኙት መሆኑ ነው። ቁርጭምጭሚት ላይ በቀላል ኤሌክትሪክ ነርቩን ሲነኩት መልእክቱ መገናኛው ላይ ደርሶ የፊኛውን ጥድፊያ ያበርዳል።

በሐኪም ቤት ይህ የሚሠራው በቀጭን መርፌ ነው፤ በሳምንት አንዴ 30 ደቂቃ፣ ለ12 ሳምንት። ለሰኮሩዋ እናት ግን ሕክምናው ጅማ ቢገኝ እንኳ ደርሶ መልስ 12 ጊዜ ማለት ነው። ሽንት የሚያጣድፈው ሰው ከሁሉ አብልጦ የሚፈራው ደግሞ መንገድን ነው!

እግር ላይ የሚታሰር መሣሪያ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። መርፌ የለውም፤ ኤሌክትሪኩ በቆዳ በኩል ያልፋል፤ ታማሚው ቤቱ ተቀምጦ ይታከማል። ቪቫሊ የተባለው በ2023 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ፈቃድ አግኝቷል። የልብ ምት ማስተካከያ የተገጠመለት ሰውና ነፍሰ ጡር ግን አይጠቀሙበት።

መሣሪያው እጅ እስኪገባም ዝም ብሎ መቀመጥ አያስፈልግም። የሽንት ኢንፌክሽንና ስኳርም ያመላልሳሉና አስቀድመው ጤና ጣቢያ ሽንትዎን ያስመርምሩ። ቡናው ፊኛን ይቆሰቁሳል፤ ስኒውን ይቀንሱ፣ ውሃውን ግን አይተዉ። ሽንት ሲመጣ ወዲያው ከመሮጥ ጥቂት ደቂቃ መታገሥን ይለማመዱ፤ ደቂቃውን በየሳምንቱ ይጨምሩ። ለሦስት ቀን ስንት ጊዜና በስንት ሰዓት እንደሸኑ ጽፈው ይያዙ። ሐኪሙ ፊት ሲቀርቡ «ትንሽ ያመኛል» አይበሉ፤ ወረቀቱን ሰጥተው «ሽንቴ ያጣድፈኛል» ይበሉ።