ፈንግል በካፕሱል አይድንም

በአዲስ አበባ - ደሴ መንገድ የተጓዘ ሁሉ ከሚሴን ያውቃታል፡፡ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ነች፡፡ የሰንበቴ የእሁድ ገበያና የባቲ የሰኞ ገበያ ደግሞ ዝናቸው ከዞኑ አልፎ ሩቅ ይሰማል፡፡ በእነዚህ ገበያዎች ግመሉና በሬው የሰውን ዓይን ይስባል፤ እግሯን ታስራ የተንጠለጠለችውን ዶሮ ግን ከገዢዋ በቀር ልብ የሚላት የለም፡፡ ይሁንና ዶሮ በብዙ ቤት የእመቤቲቱ የግል ገንዘብ ናት፡፡ የልጅ ደብተር፣ ጨውና ሳሙና፣ ሲከፋም የጤና ጣቢያ ካርድ የሚወጣው ከእንቁላልና ከዶሮ ሽያጭ ነው፡፡ ስለዚህ በአንድ ሳምንት አምስትና ስድስት ዶሮ ሲያልቅ፣ ያለቀው የቤቱ ቁጠባ ነው፡፡

እኔ የሕግ ሰው ነኝ እንጂ የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም፡፡ ነገር ግን ዶሮ ያለው ሰው ሁሉ መለየት ያለበት አንድ ነገር አለ እላለሁ፤ የሚታከመውን በሽታ ከማይታከመው፡፡ ዶሮ ሲታመም በየቤቱ የሚደረገው ይታወቃል፡፡ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚና ፌጦ ትጋታለች፡፡ ካልሆነም ለሰው የተሠራ የቴትራሳይክሊን ካፕሱል ተከፍቶ በውሃ ይበጠበጥላታል፡፡ ዶሮዋ ከዳነች መድኃኒቱ ይመሰገናል፤ ከሞተች ዕድሏ ይወቀሳል፡፡ ምን እንደያዛት ግን የጠየቀ የለም፡፡

ብዙ ጊዜ መንጋውን የሚፈጀው ፈንግል ነው፡፡ በሳይንሱ ኒውካስል ይባላል፤ ስሙን ያገኘው በ1926 እ.ኤ.አ. ከተከሰተባት የእንግሊዝ ከተማ ነው፡፡ የተያዘችው ዶሮ ላባዋን አንጨፍርራ ትቆዝማለች፣ አፏን ከፍታ በግድ ትተነፍሳለች፣ አረንጓዴ ያስቀምጣታል፣ ክንፏ ይወድቃል፡፡ ቀናት ካገኘች አንገቷ ይጠማዘዛል፤ አንዳንዷ ደግሞ ምንም ምልክት ሳታሳይ ሞታ ታድራለች፡፡ በሽታው ብዙ ጊዜ የሚበረታው በጋው አልፎ ዝናቡ ሲቃረብ ነው፡፡ ክትባት ያላገኘ መንጋ ውስጥ ከገባ ከአሥሩ ዘጠኙን ሊጨርስ ይችላል፡፡ ምክንያቱ ቫይረስ ነው፤ ካፕሱሉ ደግሞ የተሠራው ለባክቴሪያ ነው፡፡ ፈንግል ከገባ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም፡፡ ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ያሉትን ጫጩቶች በነጭ ቀጭን ተቅማጥ የሚያዳክመው ጉምቦሮም እንዲሁ ቫይረስ ነው፤ የሚከላከለው ክትባት ብቻ ነው፡፡

የሚታከሙትም አሉ፡፡ ጫጩት ደም የቀላቀለ ኩስ ከጣለች ኮክሲዲዮሲስ መጠርጠር አለበት፡፡ ይህ የሚመጣው ከእርጥብ ጉዝጓዝ ነው፤ አምፕሮሊየም የተባለው መድኃኒት ቶሎ በውሃ ከተሰጣት ትድናለች፡፡ ጉዝጓዙ ካልደረቀ ግን በሽታው ይመለሳል፡፡ የዶሮ ታይፎይድ ቢጫና አረንጓዴ ያስቀምጣል፡፡ በአንቲባዮቲክ ሞቱ ይቀንሳል፤ ከበሽታው የተረፈችው ግን ተሸካሚ ሆና በእንቁላሏ ጭምር ታስተላልፋለችና ለርቢ መቆየት የለባትም፡፡ በአክርማዋና በዓይኗ ዙሪያ ቅርፊት የሚያወጣው ፈንጣጣ ነው፡፡ በቢንቢ ይተላለፋል፤ ከሚሴ አጠገብ የቦርከና ወንዝ የሚያረሰርሰው የጨፋ ረግረግ እያለ ደግሞ ቢንቢ አይጠፋም፡፡ ቁስሉን በአዮዲን መጥረግ ኢንፌክሽን እንዳይጨምርበት ይረዳል፤ ቫይረሱን ግን አይገድልም፤ አስቀድሞ የሚከላከለው ክትባቱ ነው፡፡ ለቅማልና ለቁንጫ የቆጡን ስንጥቅ ማጽዳትና ዶሮዎቹ የሚንከባለሉበት ደረቅ አመድ ማዘጋጀት ትልቅ እገዛ ነው፡፡ አንቲባዮቲክ የወሰደች ዶሮ እንቁላልና ሥጋ ደግሞ በመድኃኒቱ ላይ የተጻፈው ቀን እስኪያልፍ መበላት የለበትም፡፡

የፈንግል ክትባት ከውጭ እስኪመጣ የሚጠበቅ ነገር አይደለም፤ ቢሾፍቱ የሚገኘው የእንስሳት ክትባት አምራች ብሔራዊ ተቋም ያመርተዋል፡፡ ለጫጩት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ኤችቢ ዋን በዓይን ይንጠባጠባል፤ ሳምንታት ቆይቶ ላሶታ በመጠጥ ውሃ ይከተላል፡፡ ሁለቱም ከፋብሪካው እስከ ዶሮዋ ድረስ ቅዝቃዜ ይፈልጋሉ፡፡ ከሚሴን ለመሰለ ሞቃት አካባቢ የሚሻለው አይ ቱ የተባለው ነው፡፡ ይህን ክትባት የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ለገጠር መንደር አስበው የሠሩት ሲሆን ሙቀትን ከሌሎቹ በተሻለ ይቋቋማል፡፡ አንድ ጠብታ በዓይን፣ በየሦስትና አራት ወሩ ይሰጣል፡፡ ይቋቋማል ማለት ግን ፀሐይ ላይ ይዋል ማለት አይደለም፡፡

ታዲያ እንቅፋቱ ምንድን ነው? እንደ እኔ ትልቁ እንቅፋት ብልቃጡ ነው፡፡ ክትባቱ የሚታሸገው ለሃምሳ፣ ለመቶና ከዚያም በላይ ለሆነ ዶሮ ነው፤ አንዴ ከተበጠበጠም ለሳምንት አይቀመጥም፡፡ ስድስት ዶሮ ያላት እናት ለመቶ ዶሮ የተዘጋጀ ክትባት ገዝታ ምን ታደርገዋለች? ሃያ ጎረቤታሞች በአንድ ቀን ዶሯቸውን ቢያስከትቡ ግን ወጪው ለእያንዳንዱ ቤት ከአንድ እንቁላል ዋጋ ላይበልጥ ይችላል፡፡ በእድርና በዕቁብ የተካነ ሕዝብ ይህን ማደራጀት አይከብደውም፡፡ የወረዳ የእንስሳት ጤና ባለሙያም ቤት ለቤት ከሚዞር ይልቅ በገበያ ቀን አንድ ቦታ ቢቀመጥ ብዙ ሰው ያገኛል፡፡

የገበያ ነገር ከተነሳ፣ በሽታው ሲገባ ብዙ ሰው የሚያደርገው ዶሮዋን ሳትሞት መሸጥ ነው፡፡ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ ለሸጠው ነገር ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያስገድዳል፡፡ ለአንዲት ዶሮ ፍርድ ቤት የሚቆም ግን የለም፡፡ ስለዚህ የገዢው መከላከያ ሕጉ ሳይሆን ጥንቃቄው ነው፤ አዲስ የገባችን ዶሮ ከነባሮቹ ለይቶ ሁለት ሳምንት ማቆየት፡፡ የሞተችውንም ወደ ቦርከና መወርወር ወይም ለውሻ መጣል በሽታውን ለጎረቤት መላክ ነው፤ በጥልቀት ትቀበር ወይም ትቃጠል፡፡

ይህ የገጠሩ ጉዳይ ብቻ አይደለም፡፡ በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት ከተጀመረ ወዲህ ቄብ ዶሮ በየከተማው ግቢ ገብቷል፡፡ ከተሜው በመጠጥ ውሃ ሲያስከትብ የቧንቧ ውሃ መጠቀም የለበትም፤ ክሎሪኑ ክትባቱን ይገድለዋል፡፡ ንጹህ የጉድጓድ ወይም የዝናብ ውሃ ይሻላል፡፡

በ1998 ዓ.ም. የወፍ ጉንፋን ሥጋት በተሰማ ጊዜ ዶሮና እንቁላል ከገበታው ያራቀ ከተሜ ብዙ ነበር፡፡ በየዓመቱ የሚፈጀው ፈንግል ግን ዜና አይሆንም፡፡ ሁለቱን በዓይን መለየት ደግሞ አይቻልም፤ የሚለያቸው ላቦራቶሪ ነው፡፡ ለከሚሴ ሰው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪው ያለው ኮምቦልቻ፣ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ነው፡፡ በአንድ ጊዜ ብዙ ዶሮ ከሞተ በድኑን በባዶ እጅ ሳይነኩ ለወረዳው ባለሙያ ማሳወቅ የዚያን ቤት ብቻ ሳይሆን የመንደሩን ዶሮ ያድናል፡፡ ካፕሱል ፍለጋ ከመሮጥ በፊት፣ በተለይ ከዝናቡ መግቢያ አስቀድሞ፣ ለቀበሌው የሚቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፤ ክትባቱ መቼ ይመጣል?