ከደመወዝ የምትቆረጠው ሦስተኛዋ መስመር

የወረዳ ፋይናንስ ሠራተኛ ነኝ፤ ፔሮል የምሠራው እኔ ነኝ። አዲስ ተመራቂ የመጀመሪያ ደመወዙን ሲቀበል የሥራ ግብሩን አይቶ ዝም ይላል፤ ጡረታውንም እንዲሁ። ሦስተኛዋ መስመር ላይ ሲደርስ ግን «ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» ብሎ ወደ ቢሮዬ ይመጣል። ኮስት ሼሪንግ ናት።

ዩኒቨርሲቲ በነፃ ነው የሚመስላቸው ወላጆች ዛሬም አሉ። ነፃው ያበቃው በ1996 የትምህርት ዘመን ነው። አሠራሩን ባስጀመረው ደንብ ቁጥር 91/1995 መሠረት ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ይጋራል። ለጊዜው መንግሥት ይከፍልለታል፤ እሱ ሥራ ሲይዝ ይመልሳል። ስለ ዕዳው የፈለገውን ያህል ይማረር፣ የድሃ ልጅ ባዶ ኪሱን ገብቶ ሐኪም ሆኖ የሚወጣው ግን በዚህ መንገድ ነው።

ውሉ በየዓመቱ የሚሞላ ቅጽ ነው። ፎቶ ይለጠፍበታል፣ የእናት ስም ይጻፍበታል፣ ምግብና መኝታው በዓይነት ይሁን በገንዘብ ተማሪው ይመርጣል። ኖን ካፌ የምንላቸው ምግቡን በገንዘብ የሚወስዱት ናቸው። ለዓመታት በ15 ብር፣ ኋላም በ22 ብር የቆየው የአንድ ተማሪ የቀን ምግብ በጀት በ2017 100 ብር ገብቷል። እሰየው ነው፤ ነገር ግን ምግቡ በተማሪው ላይ የሚጻፍ እስከሆነ ድረስ ዕዳውም አብሮ ይወፍራል። ልጆቹ ደግሞ ቅጹን የሚሞሉት በምዝገባ ግርግር፣ አንዱ የሌላውን ጀርባ ጠረጴዛ አድርጎ ነው። ኮፒውን የሚያስቀምጥ ስንቱ ነው?

አከፋፈሉ እንዲህ ነው። ከተመረቁ በኋላ ቢበዛ የአንድ ዓመት ፋታ አለ፤ ከዚያ ከወር ገቢ ቢያንስ 10 በመቶ ይቆረጣል፣ ክፍያውም ከ15 ዓመት ማለፍ የለበትም። 36 ሺህ ብር ዕዳ ያለበትና 9 ሺህ ብር ደመወዝ የሚያገኝ ሰው በወር 900 ብር እየከፈለ በ40 ወር ይገላገላል። የመምህርነት ሙያ የመረጡ ደግሞ በአገልግሎት የሚከፍሉበት መንገድ በደንቡ ተቀምጧል።

የእህቴ ልጅ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ ተቀጥሮ «አክስቴ፣ እኔ ላይ አይቆርጡም፤ ተመስገን ነው» አለኝ። ምን ተመስገን አለው! የማይቆረጥ ዕዳ የተሰረዘ ዕዳ አይደለም። ያልከፈለ ሰው በእጁ ያለው ቴምፖራሪ፣ ማለትም ጊዜያዊ ዲግሪ ነው። ውጭ አገር ትምህርት ሲያገኝ፣ ኦሪጅናል ዲግሪ አምጣ ሲባል፣ ያንን ሁሉ ብር በአንድ ጊዜ ከየት ያመጣል? ከዩኒቨርሲቲው የዕዳ ደብዳቤውን አውጥቶ ለቀጣሪው እንዲሰጥና ለገቢዎች ገቢ የተደረገበትን ደረሰኝ ኮፒ እየጠየቀ እንዲያስቀምጥ ነገርኩት። የድርጅቱ ሒሳብ ሠራተኛ «ቁረጡብኝ ብሎ የመጣ ሰው አይቼ አላውቅም» ብላ ሳቀችበት አሉ። ከጥር ጀምሮ እየተቆረጠለት ነው።