ድምጽ የሚያደርስ ስልክ፣ ፊደል የሚጠይቅ ስልክ

ከፔታህ ቲክቫ ነው የማወራችሁ። መስኮቱ ክፍት ነው፣ የአውቶቡስ ድምጽ ከሰማችሁ ይቅርታ፤ ያለ አየር እዚህ ክፍል ውስጥ አይቀመጥም።

የዛሬው ክፍል ስለ አዳዲስ ስልኮችና ስለ ኢንተርኔት ነው። ግን የትኛው ካሜራ ይሻላል፣ የትኛው ስልክ ረከሰ አልልም፤ ያንን የሚነግሯችሁ ሞልተዋል። እኔን የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ቤታችን ውስጥ "አያትሽ ቴክኖሎጂ አታውቅም" ይባላል። እናንተም ቤት ይባላል፣ አውቃለሁ። ግን እኮ አያቴ በአንድ ጠዋት ኢሞ ላይ ከሦስት ከተማ ሰው ጋር ታወራለች። ዋትሳፕ ላይ ደሞ የአራት ደቂቃ የድምጽ መልእክት ትልክልኛለች፤ ሁለቱ ደቂቃ ሰላምታ ነው። ያቺው ሴትዮ የኩፓት ሖሊም መተግበሪያ ስከፍትላት ስልኩን አትነካውም። "አንቺው ያዥው ልጄ" ትለኛለች።

ይሄ ነገር ከየት መጣ ብዬ ወደ ኋላ ስሄድ ያገኘሁት አጭር ነው። ድምጽ የሚያደርስ ዕቃ ሁሉ ቶሎ ቤታችን ገብቷል። ፊደል የሚጠይቅ ዕቃ በር ላይ ቆሞ ቀርቷል።

ከካሴት እንጀምር። ኢትዮጵያና እስራኤል በ1973 ግንኙነታቸውን አቋርጠው እስከ 1989 ድረስ አልቀጠሉም። በዚህ መሃል፣ በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ፣ ዘመቻ ሙሴ ሰዎችን በሱዳን በኩል አመጣ። ብዙ ቤተሰብ ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ ጎንደር ገጠር። በሜይ 1991 ዘመቻ ሰለሞን እስኪመጣ ድረስ ብዙዎች እንዲሁ ተለያይተው ቆዩ። ገጠር ስልክ የለም። ደብዳቤ ቢመጣ የሚያነብ ተማሪ መፈለግ አለበት፣ ያ ተማሪ ደሞ የቤቱን ምስጢር ሁሉ ይሰማል። ካሴት ግን ባትሪ ያለው ቴፕ ካለ ይበቃዋል። ሰው ይቀመጣል፣ ቁልፉን ይጫናል፣ ይናገራል። ካሴቱ በመንገደኛ እጅ ይሄዳል፣ መልሱ ከወራት በኋላ በሌላ ካሴት ይመጣል።

እስቲ አስቡት፣ ይሄ የድምጽ መልእክት አይደለም እንዴ? ዋትሳፕ በአንድ ጣት ተጭኖ ድምጽ መላክን ያመጣው በኦገስት 2013 ነው። ለአያቶቻችን አዲስ የሆነባቸው ፍጥነቱ ብቻ ነው። ሥራውን ያውቁታል፦ መጀመሪያ ሰላምታ በየስሙ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ፣ ከዚያ ጉዳዩ።

ከካሴቱ ቀጥሎ የስልክ ካርድ ነው። በ1997 እስራኤል ውስጥ የውጭ አገር ጥሪ ለውድድር ተከፈተ፤ ከቤዜቅ ሌላ ኩባንያዎች ገቡና ዋጋው ወረደ። ከዚያ ኪዮስክ የሚሸጠው፣ በሳንቲም የሚፋቀው ካርድ መጣ። ረጅሙን ቁጥር ትደውላለህ፣ ከዚያ 251፣ ከዚያ ጎንደር ወይ አዲስ አበባ ያለው ዘመድ። አንዲት ሴትዮ ከመሃል እየገባች ስንት ደቂቃ እንደቀረ ትነግራለች። ብዙዎቻችሁ ይህቺን ሴትዮ ታስታውሷታላችሁ።

ቫይበር በዲሴምበር 2010 ወጣ። መሥራቾቹ እስራኤላውያን ናቸው፤ በ2014 የጃፓኑ ራኩተን በ900 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። አዲስ አበባ ውስጥ ቫይበር እንደ ቤት ዕቃ ነበር፤ እዚህ አገር ልጆች እንደሠሩት ለአጎቶቻችሁ ብትነግሯቸው አንዳንዱ አያምናችሁም። በሜይ 2012 ደሞ ጎላን ቴሌኮምና ሆት ሞባይል ገቡ፣ ያልተገደበ ጥቅል በ99 ሸቀል ተሸጠ። በዚያ ጊዜ ነው ኢንተርኔት ያለው ስልክ ለብዙ ቤት የሚቻል የሆነው።

በዚሁ ሁሉ ዘመን ሌላ ኢንተርኔትም ነበር፣ የፊደሉ። አይሲኪው በ1996 እዚሁ እስራኤል ውስጥ ተሠራ፤ በጁን 2024 እስኪዘጋ ድረስ ኖረ። አጭር መልእክት፣ ኢሜይል፣ ፌስቡክ፤ ሁሉም አንብብ፣ ጻፍ ይላል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ይሄ ምን ማለት ነው? ዩኒኮድ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ቋሚ ቁጥር ይሰጣል። ከዚያ በፊት አማርኛ በኮምፒውተር ይጻፍ ነበር፣ ግን እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ ቁጥር ነበረው፤ እኔ ጋ "ሰላም" የሆነው አንተ ጋ የተዝረከረከ ምልክት ይሆናል። ቁጥሩ አንድ ሲሆን ነው ስልኮች አማርኛን እያሳዩ፣ ቀስ ብለው ኪቦርድም እየጨመሩ የመጡት።

እሺ፣ ፊደሉ ስልክ ውስጥ ገባ። ግን ማን ያነበዋል? ብዙ አያቶቻችን ትምህርት ቤት አልገቡም። እኛ ደሞ እዚህ ተወልደን ዕብራይስጥ ነው የተማርነው። እኔ አማርኛውን በትምህርት ቤት ስላገኘሁ አነባለሁ፤ ጓደኞቼ ግን "እንዴት ነሽ" የሚለውን በዕብራይስጥ ፊደል ይጽፋሉ። ስለዚህ አያትና የልጅ ልጅ የሚገናኙበት አንድም ፊደል የለም። የሚገናኙት በድምጽ ነው። እኔ የድምጽ መልእክት ትንሽ ነገር ነው ሲሉኝ የምናደደው ለዚህ ነው።

ግን ድምጽም መንገድ ይፈልጋል። በኦገስት 2023 መጀመሪያ አማራ ክልል ውስጥ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔቱ ተዘጋ፣ ለወራትም እንደተዘጋ ቆየ። በዚያው ወር እስራኤል ከ200 በላይ ሰዎችን ከጎንደርና ከባህር ዳር አስወጣች፤ ጎንደር ውስጥ ተራቸውን የሚጠብቁት ግን እዚያው ቀሩ። ዘመድ ያላችሁ ታስታውሳላችሁ፦ መልእክት ትልካላችሁ፣ አንዷ ግራጫ ምልክት ትመጣለች፣ ሁለተኛዋ አትመጣም። አንዷ ምልክት መልእክቱ ከናንተ ወጥቶ ዋትሳፕ ኮምፒውተር ላይ ደርሷል ማለት ናት። ሁለተኛዋ የተቀባዩ ስልክ ጋ ሲደርስ ነው። አሁን ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገራችሁ። ዋትሳፕ ያልደረሰ መልእክት የሚያቆየው 30 ቀን ነው፤ ከዚያ ይሰርዘዋል። እናንተ ስልክ ላይ አለ፣ ምልክቷም አለች፣ መልእክቱ ግን የትም የለም። ካሴት ቢሆን መንገደኛው ቦርሳ ውስጥ ዓመትም ቢሆን ይጠብቅ ነበር። እና እንዲህ ያለ መዘጋት ከወር ካለፈ፣ ሲከፈት እንደገና ላኩ፤ "ልኬ ነበር" ብላችሁ አትቀመጡ።

ሌላው ፍጥነቱ ያበላሸው ነገር መርዶ ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌዎች ይሰበሰባሉ፣ በማለዳ ቤት ይሄዳሉ፣ ሰውየው ብቻውን እንዳይሰማ ይጠብቁታል። አሁን ሽማግሌዎቹ ጫማ ሳያደርጉ አንዱ ወጣት ፎቶ ከሻማ ጋር ስታተስ ላይ ይለጥፋል። ልጅቷ አውቶቡስ ውስጥ ቆማ ታየዋለች። ይሄ የስልኩ ጥፋት አይደለም፣ የኛ ነው። አንድ ቀን መታገስ እንችላለን።

[ሙዚቃ]

ወደ ፔታህ ቲክቫ እንመለስ። ኪርያት አርዬ የሃይ ቴክ ሕንጻ በሕንጻ ነው፤ ከዚያ በአውቶቡስ ትንሽ ራቅ ብሎ ያለች አሮጊት ሴት ቶር ለመያዝ የልጅ ልጇን ከትምህርት ቤት እስኪመለስ ትጠብቃለች። ቢቱዋሕ ሌኡሚ፣ ባንክ፣ ሐኪም፣ ሁሉም ስልክ ላይ ኮድ ይልካል። ኮዱ ዕብራይስጥ ጽሑፍ ውስጥ ነው። እና እኛ የቤቱ ጸሐፊዎች ሆነናል። የአያቴን የላብ ውጤት ከሷ በፊት የማነበው እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ አንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙ ይቅር፣ ስትደውል "ጉዳዩን በመተግበሪያው ይጨርሱ" ብሎ ዘጋባት። ዕድሜዋን እንኳ አልጠየቃትም።

የደብዳቤው አንባቢ ተማሪ ተመልሶ መጣ ማለት ነው፤ አሁን ተማሪው እኛ ነን። እናት ለልጇ የማትናገረው ሕመም አለ። አያት ለወንድ የልጅ ልጇ ጨርሶ የማትናገረው አለ። ልጁ ሲያነብላት ታፍራለች፣ ቀጠሮውን ትተወዋለች።

አሁን ደሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጥቷል፣ በድምጽ ያናግራል። ጎግል በትርጉሙ ላይ አማርኛን የጨመረው በ2016 ነው፤ በድምጽ መጻፍ ላይ በ2017። እውነት ለመናገር ይሄ ተስፋ የሚሰጠኝ ነገር ነው፣ ምክንያቱም ለመጀመሪያ ጊዜ ማሽኑ ወደ ድምጽ እየመጣ ነው። ግን እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ጥሩ ነው። ማሽኑ የሚማረው ሰው ከተናገረውና ያው ንግግር በጽሑፍ ከተቀመጠበት ጥንድ ነው። እንግሊዝኛ እንዲህ ያለ ጥንድ በብዛት አለው፤ አማርኛ ትንሽ አለው፣ ያም ብዙው የዜና ንባብ ነው። የጎንደር ገጠር አነጋገር እዚያ ውስጥ ብዙ አይገኝም። ደሞ አማርኛ አንድ ቃል ውስጥ ብዙ ያጭቃል። "አልነገረችኝም" ስንል አለመሆኑም፣ ተናጋሪዋም፣ ሰሚውም አንድ ላይ ናቸው። በዚህ ላይ የኛን ቤት አማርኛ ጨምሩበት፦ "ነገ ሮፌው ጋ ቶር አለኝ፣ ሃፍናያዬን እንዳትረሺ።" ይሄን የሚገባው ማሽን እስካሁን አላገኘሁም፤ አዲስ አበባ ያለ ሰው እንኳ ግማሹ ነው የሚገባው።

ስለዚህ እኔ እንዲህ አደርጋለሁ። የአየር ሁኔታ፣ የምግብ አሠራር፣ የአውቶቡስ ሰዓት በማሽን ይሁን። መድኃኒት ግን በፍጹም። "ይውሰዱ"ና "አይውሰዱ" መካከል ያለው አንድ ድምጽ ነው፤ ያቺ አንዷ ከጠፋች ትእዛዙ ይገለበጣል። ለሐኪም ጉዳይ ሰው አስተርጓሚ ጠይቁ። የጤና ሚኒስቴር የሕክምና ተቋማት ቋንቋና ባህልን እንዲያመቻቹ በ2011 መመሪያ አውጥቷል፣ ከ2013 ጀምሮ ተግባራዊ ሆኗል። አማርኛ አስተርጓሚ በስልክ መጠየቅ ልመና አይደለም። ሮፌው "ልጅቷ ትተርጉም" ካለ፣ ልጅቷ "አይሆንም፣ አስተርጓሚ ይደወል" ማለት ትችላለች። እኔ እላለሁ፤ መጀመሪያ ፊታቸው ይቀየራል፣ ከዚያ ይደውላሉ።

አንድ የቴክኒክ ነገር ልጨምር። የመገናኛ ሚኒስቴር ሁለተኛውና ሦስተኛው ትውልድ ኔትወርክ እንዲዘጋ ሲወስን የጊዜ ገደቡን 2025 መጨረሻ ላይ ነው ያስቀመጠው። አሮጌ ስልክ ድምጽ የሚያስተላልፈው በነዚያ ኔትወርኮች ነው። አራተኛው ትውልድ ላይ ጥሪው ራሱ እንደ ኢንተርኔት መልእክት ነው የሚሄደው፤ ያንን የማያውቅ ስልክ ባትሪው ሙሉ ሆኖ፣ ስክሪኑ በርቶ መደወል ያቅተዋል። ባለ ቁልፍ ስልክ የሚይዙ ሽማግሌ ቤታችሁ ካሉ ስልኩ "ቮልቲኢ" ይችል እንደሆነ ዛሬውኑ አረጋግጡላቸው። ባለ ቁልፍም ሆኖ የሚችል ስልክ አለ፤ ስማርት ስልክ በግድ አትግዙላቸው።

ካሴት ቤት ውስጥ ያላችሁ ደሞ፣ አያቶቻችሁን ጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ ቁም ሣጥን ላይ በፌስታል ውስጥ ነው። የካሴት ክር በጊዜ ብዛት ይደክማል፣ ይጣበቃል። ከማጫወታችሁ በፊት እስከ መጨረሻ አጠንጥናችሁ መልሱት። የጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ ያለው ቴፕ ፈልጉ፣ በአንድ ሽቦ ከኮምፒውተር ጋር አገናኙት፣ ኦዳሲቲ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ቅዱት። ሁለተኛውን ፊት መገልበጥ እንዳትረሱ። ስትቀዱ ደሞ አያታችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡ፣ እያንዳንዱ ድምጽ የማን እንደሆነ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፤ የሚሉትን በሌላ ስልክ ቅዱ።