ፈረሰኞቹን ለማየት ትኬት አያስፈልግም

«ፈረሰኞቹ» ሲባል የአዲስ አበባ ኳስ አፍቃሪ ቶሎ የሚታወሰው በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። ከመዲናዋ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ደብረ ብርሃን ዙሪያ ባሉት የሰሜን ሸዋ ደጋዎች ግን ፈረሰኛ ማለት በቁሙ ፈረሰኛ ነው። ሜዳው መስክ፣ ግጥሚያው ጉግስ፣ ዋንጫው ደግሞ እልልታ!

ጉግስ ደምቆ የሚታየው በጥምቀት ሰሞን ነው። ታቦታቱ በክብር ከተሸኙ በኋላ ቤተሰብ ሙሉ ወደ መስኩ ይወጣል። አባት በርኖሱን ደርቦ፣ እናት ነጠላዋን አጣፍታ፣ ልጆች ሸንኮራቸውን እየመጠጡ ዳር ዳሩን ይይዛሉ። ትንሹ የአባቱ ትከሻ ላይ ነው። ከዚያ የተሻለ ክቡር ትሪቡን የለም።

ሕጉ ለኳስ ተመልካች አይከብድም። ፈረሰኞቹ ለሁለት ይከፈላሉ። አንዱ ወገን ይሸሻል፣ ሌላው ያባርራል። አባራሪው ዘንጉን ሲወረውር ሸሺው ፈረሱን ሳያቆም በጋሻው ይመክታል፤ ካልሆነም ኮርቻው ላይ ጎንበስ ብሎ ያሳልፈዋል። ቀጥሎ ተራው ይገለበጣል፣ ልክ ኳስ እንደተነጠቀ ቡድን አጥቂው ተከላካይ ይሆናል። ከሚጋልብ ፈረስ መውደቅ ግን ቀልድ አይደለም። ሽማግሌዎች «ልጆቹን ወደ ኋላ!» እያሉ የሚጮኹት ለዚህ ነው።

ጨዋታው ድሮ የጦርነት ልምምድ ነበር። ደብረ ብርሃን አጠገብ አንጎለላ በ1836 ዓ.ም. የተወለዱትና በልጅነታቸው የአንኮበርን ቤተ መንግሥት የሚያውቁት ዳግማዊ ምኒልክ የፈረስ ስማቸው አባ ዳኘው ነበር። ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ አባ ነፍሶ፣ ራስ ጎበና ዳጬ አባ ጥጉ ይባሉ ነበር። ዛሬ ልጁ የሚወደውን ተጫዋች ስም ማልያው ላይ እንደሚያጽፈው፣ ያኔ የጀግና ስም በፈረሱ ይጠራ ነበር።

ችግሩ ያለው ከበዓሉ ማግስት ነው። ኳስ ከጨርቅም ይሠራል። ፈረስ ግን ዓመቱን ሙሉ ድርቆሽና ገብስ ይፈልጋል፤ የሚጋለበው ግን ለጥቂት ቀን ነው። ደብረ ብርሃን ደግሞ በ2011 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀባት፣ ፋብሪካ በፋብሪካ የሆነች ከተማ ናት። ከተማ ሲሰፋ ሥራ ይመጣል፣ መስክ ግን ይጠባል። ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ መመዝገቡ ትልቅ ክብር ነው፤ ፈረስ ግን ክብር አይቀለብም።

ጉግስ አካዳሚ የለውም፣ አሰልጣኝም አይቀጠርለትም። ልጅ ኮርቻ ላይ መቀመጥን የሚማረው ከአባቱ ወይም ከአጎቱ ነው። ፍላጎቱ ደግሞ የሚጀምረው መስኩ ዳር ቆሞ ሲያይ ነው። ስለዚህ ልጆቹን ይዞ የሚወጣው ቤተሰብ ተመልካች ብቻ አይደለም። ክለቡም፣ ደጋፊውም፣ ታዳጊ ቡድኑም እሱው ነው።